ሄልሲንኪ፦ ለአንድ አዳር ብቻ

ከባንኮክ ወደ ፍራንክፈርት ስመለስ ርካሹ ትኬት ሄልሲንኪ ላይ የሚያሳድር ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ማረፍ፣ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መብረር። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አውሮፓ ስንት ዓመት ኖሬም የፈረንጁ አልገባ ብሎኛል።) ጓደኞቼ "ኤርፖርት አጠገብ ሆቴል ይዘህ ተኛ" አሉኝ። ለመተኛትማ ቤቴ አለ! በዚያ ላይ ወሩ ሰኔ ነው። በሰኔ ሄልሲንኪ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ የምትወጣው ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ። በመሃል ያለውም ቢሆን ድንግዝግዝ እንጂ ጨለማ አይባልም። አዳር ተብሎ የተሰጠኝ ነገር እንዲያው በነፃ የተገኘ ቀን ነው።

መጀመሪያ የወረቀቱን ነገር ልጨርስ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ ከኤርፖርት ለመውጣት የሼንገን ቪዛ ወይም ከሼንገን አገሮች የአንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። "የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ" የሚባለው ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ያሻግራል እንጂ ከተማ አያስገባም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። እኔ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ስላለኝ እሱን አሳይቼ ገባሁ። አንዴ ከገባችሁ በማግስቱ ወደ ሌላ የሼንገን አገር ስትበሩ የፓስፖርት ሰልፍ ስለሌለ ጠዋት ላይ ትንሽ እፎይ ትላላችሁ። ትልቁ ሻንጣ በቀጥታ እስከ መጨረሻው የሚሄድ መሆኑን ስትነሱ ጠይቁ። ገንዘብ መመንዘር አያስፈልግም፤ ከኖርዲክ አገሮች ዩሮ የምትጠቀመው ፊንላንድ ብቻ ናት።

ከኤርፖርቱ ሥር ባቡር አለ። መስመሩ ክብ ስለሆነ "አይ" የሚለውም "ፒ" የሚለውም በግማሽ ሰዓት አካባቢ መሃል ከተማ ያደርሳችኋል፤ ቀድሞ የመጣውን መያዝ ነው። ትኬቱ ኤ፣ ቢ እና ሲ ዞኖችን የሚሸፍን መሆን አለበት። እኔ የቀን ትኬት ነው የገዛሁት፤ ትራሙም፣ ሜትሮውም፣ ወደ ሱዎመንሊና ደሴት የሚሄደው ጀልባም በዚያው ነው። የእጅ ሻንጣዬን ባቡር ጣቢያው ውስጥ ካለው ሳጥን ቆልፌ ወጣሁ። በነገራችን ላይ ጣቢያው ራሱ መታየት ያለበት ነው፤ በሩ ላይ ክብ መብራት የታቀፉ አራት ግዙፍ የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል፣ አንዳቸውም አይስቁም።

አሁን ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ቴምፔሊያውኪዮ ይባላል፣ በ1969 የተመረቀ። ላሊበላን ያየ ሰው ብዙም አይደነግጥም። አለቱን አፍርሰው ከላይ የመዳብ ጉልላት ደፍተውበታል፤ ያምራል፣ ግን ይከፈልበታል፣ ምሽትም ይዘጋል። እኔ አልፌው ሄድኩ፤ ምክንያቱም ልቤ ያለው ሌላ ቦታ ነበር።

ስቴዲየሙ!

ከጣቢያው፣ ቶሎ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር፣ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ነጩ ማማ ከሩቅ ይታያል። ለ1940ው ኦሎምፒክ ሠርተውት ጦርነት መጣና ቀረ፤ ኦሎምፒኩ የመጣው በ1952 ነው፣ ያኔ እኛ ገና ኦሎምፒክ የሚባል ነገር አልጀመርንም። የማማው ቁመት 72.71 ሜትር ነው፤ ማቲ ያርቪነን የሚባለው ፊንላንዳዊ በ1932 ኦሎምፒክ ጦር ወርውሮ ወርቅ ያገኘበት ርቀት ነው። እስቲ አስቡት፣ በውርወራ ልክ ሕንፃ መሥራት። ከፊት ለፊት የፓቮ ኑርሚ ሐውልት አለ፤ ዘጠኝ የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው፣ እርቃኑን፣ በአንድ እግሩ፣ ሊበር ሲል።

ለእኔ ግን ይህ ቦታ 2005 ነው። የዚያ ዓመት የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና። ጥሩነሽ ዲባባ 10 ሺህ ወሰደች፤ ብርሃኔ አደሬ ሁለተኛ፣ እጅጋየሁ ዲባባ ሦስተኛ። በሳምንቱ 5 ሺውን ደገመችው፤ መሠረት ደፋር ሁለተኛ፣ እጅጋየሁ እንደገና ሦስተኛ፣ አራተኛዋም የእኛው መሰለች መልካሙ። በአንድ ሻምፒዮና ሁለቱን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። በወንዶች 10 ሺህ ደግሞ ቀነኒሳ፣ ስለሺ ስህንን አስከትሎ። እጮኛውን ያጣው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው፤ ያንን ሐዘን ተሸክሞ ነው እዚህ መም ላይ የተሽከረከረው። በአጥሩ ክፍተት መሙን ሳይ የመጨረሻዋ ዙር ደወል የተደወለ መሰለኝ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ውሻዋን እያንሸራሸረች በግርምት አየችኝ። ምን ታውቃለች።

ከዚያ በሊናንማኪ መዝናኛ በኩል አድርጌ ወደ ካሊዮ ሰፈር ሄድኩ፣ ለሳውና። 5.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላለው አገር 3 ሚሊዮን ያህል ሳውና አለ ይባላል፤ ዩኔስኮም በ2020 ባህሉን መዝግቦላቸዋል። ባሕር ዳር ያሉት አዳዲሶቹ ለፎቶ ያምራሉ፤ እኔ የመረጥኩት ኮቲሃርዩን ነው፣ ከ1928 ጀምሮ በእንጨት የሚነድ የሕዝብ ሳውና። የማይሠራበት ቀን ስላለ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው።

እና ራቁት ነው። አዎ፣ ሙሉ ለሙሉ። ፎጣዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ ስገባ ማንም ዞር ብሎ ያየኝ የለም፣ ቢሆንም የሚታጠበው ሁሉ እንደተፈጠረ ስለሆነ ፎጣ የለበስኩት እኔ ነኝ ጎልቼ የምታየው። ጣልኩት። ውስጡ ደረጃ ደረጃ ነው፤ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል። አንዱ "ይሁን?" እንደማለት በዓይኑ ዞር ዞር ብሎ አየንና በጋለው ድንጋይ ላይ ውሃውን ለቀቀው። መጀመሪያ ድምፅ ነው፣ ሽሽሽ የሚል። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ምንም የለም። ከዚያ እንፋሎቱ ጣሪያውን ታኮ መጥቶ የጆሮ ጫፍና የአፍንጫ ቀዳዳ ላይ ያርፋል፤ ጎንበስ ብዬ በአፌ መተንፈስ ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ፤ ፊንላንዳዊ ናቸውና ዝምታው አላስቸገረኝም። ቆይተው "ይፍተር" አሉ። "ሞስኮ። 10 ሺህ።" ምሩፅ ይፍጠር! ማርሽ ቀያሪው! በ1980 ምሩፅ ወርቅ ሲወስድ ብሩ የእሳቸው አገር ሰው የካርሎ ማኒንካ ነበር፣ ነሐሱ የመሐመድ ከድር። "ማኒንካ ጎበዝ ነበር" አልኳቸው። "ይፍተር ይበልጥ ነበር" አሉና ተነስተው ወጡ። ተከትዬ ስወጣ መንገድ ዳር ፎጣ አገልድመው ከተቀመጡት ጋር ቢራቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። መኪና ያልፋል፣ ግድ የላቸውም።

ከሳውና በኋላ ያለው ረሃብ ሌላ ነው። ምግብ ቤት ውድ ስለሆነ ከሱፐርማርኬት በጭስ የታጠነ ሳልሞንና ካርያላንፒራካ ገዛሁ፤ ስስ የራይ (አጃ መሰል እህል) ቂጣ ዙሪያውን ተቆንጥሮ መሃሉ የሩዝ ገንፎ። ያን ይዤ ከገበያው አደባባይ በጀልባ ወደ ሱዎመንሊና፣ 15 ደቂቃ ገደማ። ስዊድኖች በ1748 መገንባት የጀመሩት ምሽግ ነው፤ በእነሱ በጋ ጀልባው እኩለ ሌሊት ካለፈም ይመላለሳል። አለት ላይ ተቀምጬ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል መጽሐፍ በሚያስነብብ ብርሃን እራቴን በላሁ። ማለትም ግማሹን፤ ሳልሞኑን አንድ የባሕር ወፍ ከእጄ ላይ ነጥቆኝ ሄደ።

ቡናው ላይ አስተያየት አለኝ። ፊንላንዶች በነፍስ ወከፍ ቡና በመጠጣት ከዓለም ቁንጮ ናቸው፣ ግን ሳይቆሉት ነው የሚያፈሉት ማለት ይቻላል። ፈዛዛ። ሦስት ስኒ ጠጥቼም አልነቃሁም። ኮርቫፑስቲ የሚሉት የቀረፋና የሄል ጥቅል ዳቦ ግን ይክሳል።

እንቅልፍስ? ጣቢያው አካባቢ ርካሽ አልጋ ይዤ ትንሽ ሸለብ አደረግኩ፤ መጋረጃው ብርሃን አይከለክልምና የዓይን መሸፈኛ ያዙ። ባቡሩ ሌሊት ላይ ለተወሰነ ሰዓት ስለሚቆም የመጀመሪያው ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ከመተኛታችሁ በፊት እዩ፤ ካልሆነ የሌሊት አውቶቡስ አለ።

ይሄ ሁሉ የበጋ ነገር ነው ታዲያ። በታኅሣሥ ብትወድቁበት ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት አልፋ ብዙም አትቆይም። ያኔ ደሴቱን ተዉትና ጣቢያው አቅራቢያ ያለው ኦዲ ቤተ መጻሕፍት ግቡ፣ ነፃ ነው፣ ይሞቃል፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሶፋ አለ። ሳውናው ግን በክረምትም አይቀርም፣ እንዲያውም ይበልጥ ያኔ ነው።