«ከማድ ቤት ሆኜ እሰማዋለሁ»

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የመረጥኩት ርዕስ በቴሌቪዥን የሚተላለፉ የጤና መልእክቶች በገጠር ሴቶች የንጽህና ልማድ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ነበር። ሥራውን የጀመርኩት በመጠይቅ ሲሆን፣ ቴሌቪዥን ይመለከቱ እንደሆነና እጃቸውን በሳሙና መቼ መቼ እንደሚታጠቡ ጠየቅኋቸው። አብዛኞቹ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ሕፃን ካጸዳዱ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀት፣ ከመብላትና ሕፃን ከመመገብ በፊት ብለው አምስቱንም ወሳኝ ጊዜያት ሳይደናቀፉ ቆጠሩልኝ። ውጤቱን የምተነትንበትን ምዕራፍ በልቤ ጽፌ ጨርሼው ነበር።

አማካሪዬ ቅጾቹን አገላብጠው «መታጠቢያውን አሳዩኝ ብለሻቸዋል?» አሉኝ። ሰው ስለ ንጽህናው ሲጠየቅ ራሱን አሳምሮ ስለሚናገር፣ ትልልቅ የቤተሰብ ጥናቶች መታጠቢያው ቦታ ላይ ውሃና ሳሙና መኖሩን በዓይን አይተው እንደሚመዘግቡ አውቅ ነበር፤ የዘለልኩት ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ነው። ተመልሼ ስሄድ፣ አምስቱን ጊዜያት አጥርተው የቆጠሩልኝ አንዲት እናት ሳሙናውን ከተቆለፈ ሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። ከነወረቀቱ ነበር፤ ለእንግዳ የተቀመጠ። ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያገኘሁት ባዶ ጀሪካን ብቻ ነው።

ከሳሙናው ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን የቴሌቪዥኑ ጉዳይ ነው። መልእክቱ የሚተላለፈው ከምሽት ዜና በፊት፣ ራት በሚሠራበት ሰዓት ነበር። «እኔ እንኳ ከማድ ቤት ሆኜ ዘፈኑን እሰማዋለሁ፤ ምን እንደሚያሳይ የሚነግሩኝ ልጆቹ ናቸው» አሉኝ እኚሁ እናት። መልእክቱን እንደገና ስመለከተው ከቧንቧ ውሃ ሥር እጅ ሲታሽ ከማሳየት በቀር አንድም የሚነገር ቃል የለውም። ታዲያ አምስቱን ጊዜያት ከየት ሰሟቸው? ቤት ለቤት ከምትዞረው የጤና ሠራተኛ ነው። እኔ ግን ለቴሌቪዥን ልቆጥረው ተቃርቤ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 በጋና የተጀመረው የእጅ መታጠብ ዘመቻ አስቀድሞ እናቶችን አጥንቶ፣ ከበሽታ ፍርሃት ይልቅ እድፍን መጠየፍ እንደሚያነሣሣቸው ስለተረዳ፣ በቴሌቪዥን ያሳየው ከመጸዳጃ ቤት በወጣች እናት እጅ ላይ ያለ እድፍ ወደ ልጇ ምግብ ሲተላለፍ ነበር። ብልህነቱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ምስል እንኳ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ምድጃ ላይ ላጎነበሰች ሴት ምንም አይነግራትም።

መጠይቁን እንደገና ሳዘጋጅ «ቴሌቪዥን ይመለከታሉ?» የሚለውን ሰርዤ «መልእክቱ ሲተላለፍ የት ነበሩ፣ ምንስ እየሠሩ ነበር?» በሚል ተካሁት። የቀደሙትን መልሶች የሴቶቹን ዕውቀት ለማሳየት ብቻ ተጠቀምኩባቸው፤ ስለ ልማዳቸው የጻፍኩት ግን መታጠቢያው ቦታ ላይ በዓይኔ ካየሁት ነው። በዚህ ምክንያት ምረቃዬ በአንድ መንፈቀ ዓመት ዘገየ።