ሚጥሚጣ የለመደ ምላስ ባንኮክ ላይ

ባንኮክ የሄድነው ለአክስቴ ሕክምና ነው። ስለ በረራው የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነው የደረስኩት። ቱክቱኩ ግን አናዶኛል። አሥር ደቂቃ ለማይሞላ የእግር መንገድ 200 ባት ላፍ አደረገን።

አዲስ አበባ ያገኘነው ሰው ሁሉ «ሚጥሚጣ ለምዳችሁ የታይ ምግብ ምን ያደርጋችኋል?» ሲለን ነበር። ይምጣና ሶም ታም ይቅመስ።

ሶም ታም የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ነው። መንገድ ዳር ያለችው ሴትዮ ነጭ ሽንኩርትና ትንንሽ ቃሪያ በሸክላ ሙቀጫ ትወቅጣለች። ሎሚ፣ ስኳርና የዓሣ ሶስ ትጨምራለች፣ ከዚያ እንደ ክር የተከተፈውን ፓፓያ። ስንት ቃሪያ ላድርግ ብላ ጣቷን አነሳች። አንድ ጣት አሳየኋት። ችግሩ ሙቀጫው ነው። ከእኛ በፊት ለነበረው ሰውዬ አንድ እፍኝ ቃሪያ ወቅጣበት፣ ሳታጥበው የእኛን ቀጠለች።

መጀመሪያ ኮምጠጥ፣ ጣፈጥ አለኝ። ከዚያ ጆሮዬ ጋለ፣ ስቅታ ያዘኝ።

«ይሄ እኮ አልበሰለም!» አለች አክስቴ፣ እንባዋን እየጠረገች። እውነቷን ነው። የእኛ በርበሬ ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር ሲንተከተክ ቆይቶ ነው አፍ የሚደርሰው። ይሄኛው ጥሬውን ነው።

ውሃ ጨለጥኩ፣ ባሰብኝ። የቃሪያ ማቃጠል በስብ እንጂ በውሃ አይሟሟም። ወተት ያበርደው ነበር፣ ግን ቀኑ ረቡዕ፣ አክስቴም አጠገቤ። (የዓሣ ሶሱን ነገር ሁለታችንም አላነሳንም።)

ጎናችን የሚበሉ አንድ ሽማግሌ ከራሳቸው ሳህን ጥሬ ጥቅል ጎመንና የሚያጣብቀውን ሩዝ ገፉልኝ። ቆንጠር አድርገህ ጠቅልለው፣ ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። ቀጥለው ማዶ ወዳለው የአይስክሬም ጋሪ ጠቆሙኝ። በኮኮናት ወተት የሚሠራ ነው። የላም ወተት የለበትም፣ ስብ ግን አለው። ላዩ ላይ የተቆላ ኦቾሎኒ ይነሰነስበታል። 30 ባት መሰለኝ። እሳቱ በረደልኝ። አክስቴም «ጾሜን ከገደፍኩ ባንተ ነው» እያለች የራሷን ጨረሰች።

በኋላ ላይ «ማይ ፔት» ማለት ለመድኩ። አታቃጥሉት ማለቴ ነው፣ አንዳንዱ ይሰማል፣ አንዳንዱ ፈገግ ብሎ ይወቅጣል። የሚሻለው የኑድል ሾርባ ነው። ስኳሩ፣ የቃሪያ ዱቄቱ፣ ኮምጣጤው ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ ራስህ ትመጥናለህ።

እኔ ምንም ሳልጨምር በላሁ። አክስቴ ከቦርሳዋ የራሷን ሚጥሚጣ አውጥታ ነሰነሰችበት። እሱም እኮ አልበሰለም፣ ግን ማን ደፍሮ ይነግራታል?