ያላየኋት ቁጥር

ማክሰኞ ማታ

የእማዬን የደም ምርመራ ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ሁለት ናቸው። አንዱ የዛሬ አራት ዓመት፣ ሌላው የሁለት ወር በፊት።

የድሮው ላይ ኤስጂፒቲ፣ ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛው ኢንዛይም፣ 94 ይላል። ያኔ ነው ሄፓታይተስ ሲ፣ ጉበት የሚጎዳው ቫይረስ፣ እንዳለባት የተነገረን። ምንም ስላላመማት ችላ አልነው። የአሁኑ 36 ነው። እስከ 40 ኖርማል እንደሆነ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ወረቀቱን ያዩልን ሰዎች «ወርዷል፣ ጉበቷ ደህና ነው» አሉን። እማዬማ ስለቷን አስገባች።

የጉበት ስፔሻሊስቷ ግን ኤስጂፒቲውን አየት አድርጋ አለፈችው። ጣቷ ያረፈው እኔ አንብቤው የማላውቀው መስመር ላይ ነው። ፕላትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሴል፣ 118 ሺህ። የድሮው 190 ሺህ ነበር።

ጉበት ጠባሳ ሲበዛበት ደም እንደ ልብ አያሳልፍም አለችን። ደሙ ወደ ጣፊያ ይገፋል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ያበጠው ጣፊያ ፕላትሌቱን ይዞ ያስቀረዋል። ኤስጂፒቲ የሚናገረው ጉበቱ ሰሞኑን ምን ያህል እየተጎዳ እንደሆነ ነው። ስንት ጠባሳ እንደተጠራቀመ አያውቅም። ቫይረሱ ሃያ ሠላሳ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ሲሠራ ይኖራል፤ ኢንዛይሙ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ኖርማል ይሆናል።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሒሳብ ሠራች። ዛሬ እኔም ደገምኩት። ዕድሜዋ 58፣ ሲባዛ በሌላኛው የጉበት ኢንዛይም በኤስጂኦቲ 62። ይህ ይካፈላል፣ ለፕላትሌት 118 (ሺሁ ተትቶ) ሲባዛ በ36 ስኩዌር ሩት። 5 ነጥብ ምናምን። ፊብ-4 ይሉታል። ከ1.45 በታች ብዙ አያሰጋም፣ ከ3.25 በላይ ከሆነ ግን ጠባሳው ሳይገፋ አይቀርም። ያቺ እልል ያልንላት 36 እኮ አካፋዩ ውስጥ ናት! ባነሰች ቁጥር ውጤቱን ከፍ ታደርገዋለች። ሳቄ መጣ፣ የሚያስቅ ነገር ኖሮት አይደለም።

ጉበት ምን ያህል እንደጠጠረ የሚለካው ፋይብሮስካን 16 ኪሎፓስካል አወጣ። ሲሮሲስ፣ ጉበቷ በጠባሳ ተሞልቷል ማለት ነው። ደግነቱ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን አልቡሚኗም፣ ጉበት የሚያስወግደው ቢጫ ቀለም ቢሊሩቢኗም ደህና ናቸው፣ ሆዷም ውኃ አልቋጠረም። «ጉበትዎ ተጎድቷል እንጂ ሥራውን አልተወም፣ እናቴ» አለቻት።

«እኔ መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም» ትላለች እማዬ፣ እንደተከሰሰ ሰው። ልጅ ሳለች ሰፈራቸው አንዱን መርፌ እየቀቀለ ሁሉንም የሚወጋ ሰው ነበር። ከዚያ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል።

መድኃኒቷ ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር ነው፣ ሁለቱም በአንድ ክኒን። በቀን አንድ፣ ለ12 ሳምንት። አብዛኛው ሰው ይድንበታል። ያስቸገረን የጨጓራዋ ኦሜፕራዞል ነው፤ የሆድ አሲድ ሲቀንስ ክኒኑ በደንብ ወደ ደም ስለማይገባ ያቁሙት ተባለች። እሷን ያሳሰባት ግን ጾሙ ነው። በምግብም ያለ ምግብም ይወሰዳል ስትባል ዘጠኝ ሰዓት ላይ አደረገችው። ቫይረሱ ቢጠፋ እንኳ ጠባሳው ላይ ካንሰር ሊበቅል ስለሚችል በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ አይቀርላትም። ይህንን ገና አልተቀበለችውም።

ዛሬ የዋጠችው 19ኛው ክኒን ነው። ካላንደሩ ላይ በእስክሪብቶ ሰረዘችና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መነጽሯን አደረገች።

«የቷ ናት ያቺ ፕላትሌት?»

አሳየኋት።