የጋራ ጥቅል ስሞችን እንዴት እንዳስተዳደርኩ

የአንድ ነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጥቅሎችን (በስማቸው ተፈልገው የሚጫኑ የኮድ ስብስቦችን) ስም እንድይዝ ኃላፊነት ሲሰጠኝ፣ ሁሉም ጥቅሎች በአንድ የጋራ ቅድመ ስም ይጀምሩ ነበር። ይህን ቅድመ ስም የሚያስከብርልን ግን አልነበረም። የጃቫ ጥቅሎች ማከማቻ የሆነው ማቨን ሴንትራል የጎራ ስም (የድረ ገጽ አድራሻ) ባለቤትነትን በዲኤንኤስ፣ ማለትም በበይነመረብ የአድራሻ መዝገብ ያረጋግጣል፤ የዶትኔት ጥቅሎች ማከማቻ የሆነው ኑጌትም ቅድመ ስም ማስከበር ይፈቅዳል። የፓይተን ጥቅሎች ይፋ ማከማቻ በሆነው በፓይፒአይ ግን ስሙ ቀድሞ ላስመዘገበው ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት የእያንዳንዱን ጥቅል ባለቤቶች መመዝገብ ነበር። በርካታ ስሞች በአንድ ሰው መለያ ብቻ ተይዘው ተገኙ። ለሁሉም ጽፌ ሁለተኛ ባለቤት እንዲጨምሩ ለመንኩ፤ አብዛኞቹ ያለ ክርክር እሺ አሉ። ከዚያ በኋላ ስም መያዝና ኮድ መጻፍ የተለያዩ ኃላፊነቶች ሆኑ። ጎበዝ ጸሐፊ የሆነ ሁሉ የስም ባለአደራ መሆን የለበትም።

ብዙ ያደከመኝ ከኮዱ በኩል የመጣው ነው። ከፓይተን 3.3 ጀምሮ ብዙ ጥቅሎች አንድ የጋራ አቃፊ መካፈል ይችላሉ፤ ቅድመ ሁኔታው በዚያ አቃፊ ውስጥ የኢኒት ፋይል (__init__.py የተባለ፣ አቃፊውን የአንድ ጥቅል ብቻ የሚያደርግ ፋይል) አለመኖሩ ነው። አንድ አስተዋጽዖ አድራጊ በልማድ ባዶ የኢኒት ፋይል ጨመረ። ሁሉም ጥቅሎች በአንድ ቦታ ሲጫኑ ምንም አልታየም፤ ፈተናዎቹም አለፉ። ጥቅሎቹን ከየምንጭ ማህደራቸው በቀጥታ የሚጠቀሙ ገንቢዎች ጋ ግን ፓይተን ፋይሉ ያለበትን አቃፊ ሲያገኝ ፍለጋውን እዚያው አቆመ፤ የቀሩት ጥቅሎች እንዳልተጫኑ ተቆጠሩ። ባዶ ፋይል ይህን ያህል ጣጣ ማምጣቱ እስካሁን ያናድደኛል። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ከመለቀቁ በፊት የተጠናቀረውን ጥቅል ከፍቶ በጋራው አቃፊ ፋይሉን ካገኘ ልቀቱን የሚያግድ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ።

በ2021 የጥገኝነት ማምታታት ጥቃት (አጥቂ አንድ ድርጅት በውስጥ በሚጠቀምበት ጥቅል ስም በይፋው ማከማቻ ጎጂ ጥቅል አስቀምጦ በስህተት እንዲጫን የሚያደርግበት ዘዴ) ይፋ ሲሆን፣ ወደፊት የሚያስፈልጉንን ስሞች ሁሉ በባዶ ጥቅል እንድንይዝ ሐሳብ ቀረበ። አልተቀበልኩትም። የፓይፒአይ የስም ደንብ በሆነው በፔፕ 541 መሠረት ምንም የማይሠራ ጥቅል ስም ለመያዝ አይበቃም፤ ከደንቡም በላይ የሌላውን ሰው ቦታ ማጣበብ ነው። በውስጥ ብቻ የምንጠቀምባቸውን ጥቅሎች ግን በይፋው ማከማቻ ከሚገኙት ጋር እንዳይቀላቀሉ ከአንድ ምንጭ ብቻ እንዲወርዱ አደረግን።

ስም ስለመሰረዝ ያለን ደንብ አጭር ነው፦ አይሰረዝም። በ2016 ሌፍት ፓድ የተባለች አሥራ አንድ መስመር ኮድ ከጃቫስክሪፕት ጥቅሎች ማከማቻ ከኤንፒኤም ስትነሳ ስንት የሶፍትዌር ግንባታ እንደተሰበረ እናስታውሳለን። በፓይፒአይ ደግሞ የተሰረዘ ስም ለማንም ሰው ክፍት ይሆናል። ስለዚህ ጥቅል ስሙን ሲቀይር በድሮው ስም አንድ የመጨረሻ ስሪት እናወጣለን፤ ሥራው አዲሱን ጥቅል መጫንና ተጠቃሚውን ማስጠንቀቅ ነው። ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ጥቂት ቢሆንም የማንም ፕሮግራም አይሰበርም።