ልጄ ስለ አምቦ ውሃ የጠየቀችኝ

ባለፈው እሁድ ከምሳ በኋላ ልጄ የሳይንስ ደብተሯን ይዛ ኩሽና መጣች። ገጹ ላይ «አሟሟትን የሚወስኑ ነገሮች» ይላል። ከስሩ ሙቀት፣ ማማሰል፣ የቅንጣት መጠን እየተባለ ተደርድሯል። ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች። «እማዬ፣ ሙቀት ለማሟሟት የሚረዳ ከሆነ አምቦ ውሃ ሲሞቅ ለምን ጋዙ ይጠፋል?» አለችኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! መልሱን ግን ወዲያው አልነገርኳትም። መጀመሪያ ስኳሩን አወረድን።

ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዳን፣ አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ከማንቆርቆሪያው የወጣ። ሁለቱም ላይ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመርን። የሙቁ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ፣ የቀዝቃዛው ከስር ተቀመጠ። ከዚያ ቀዝቃዛውን አማሰለችው። እሱም ጠፋ። «ታዲያ ሁለቱም ሟሙ!» አለች።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ደብተሩም የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። ቶሎ መሟሟት አንድ ነገር ነው፣ ብዙ መሟሟት ሌላ። ውሃው ስኳሩን የሚያገኘው ከውጭ በኩል ብቻ ነው፤ ስኳሩን የነካው ውሃ ቶሎ ይጠግባል፣ ስናማስለው የጠገበው ይሄድና ያልጠገበ ውሃ በቦታው ይመጣል። ስለዚህ ይፈጥናል። መፍጨትም እንደዚያው ነው። አንድ ቁራጭ አሞሌ ጨው ውሃ ውስጥ ብትጥሉት ይቆያል፣ ወቅጣችሁ ብትጨምሩት ግን ውሃው በየቅንጣቱ ዙሪያ ስለሚደርስ ወዲያው ያልቃል። ግን ውሃው አንዴ ከጠገበ በኋላ ሳምንት ሙሉ ብታማስሉትም አንዲት ቅንጣት አይጨምርም። ማማሰልና መፍጨት ፍጥነቱን እንጂ መጠኑን አይነኩም።

ሙቀት ግን መጠኑንም ይነካል፣ ያውም እንደ ነገሩ ዓይነት። 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 200 ግራም ያህል ስኳር ያሟሟል። ሊፈላ ሲቃረብ ወደ 500 ግራም ይጠጋል። ከውሃው አምስት እጥፍ ማለት ነው! ጨው ግን እንደዚያ አይደለም። በ20 ዲግሪ 36 ግራም ገደማ ነው፣ በ100 ዲግሪም 39 ግራም ገደማ ብቻ። ጨው በሙቅ ውሃ ቶሎ ይሟሟል፣ ብዙ ግን አይጨምርም። (አፍዴራ ላይ ጨው የሚመረተውም በዚሁ ልክ ነው፤ ፀሐይዋ ውሃውን ታተነዋለች፣ የቀረው ውሃ ያን ሁሉ ጨው መያዝ ስለማይችል ጨው እየሆነ ይወጣል።)

አሟሚው ራሱም ወሳኝ ነው፣ ይሄ ደብተሩ ላይ የለም። በርበሬ ውሃ ውስጥ ብትበጠብጡት ቆይቶ ከስር ይዘቅጣል። ዘይት ወይም ቅቤ ውስጥ ሲቁላላ ግን ዘይቱ ራሱ ቀይ ይሆናል፣ ምክንያቱም የበርበሬ ቀለሙም ማቃጠሉም የሚሟሟው በቅባት ነው። ሚጥሚጣ ሲያቃጥላችሁ ውሃ ብዙ የማይረዳውም ለዚህ ነው፣ አይብ ይሻላል።

እና አምቦ ውሃው? ስኳር ጠጣር ነው፣ ቅንጣቶቹ ተያይዘዋል፣ ሙቀት ማያያዣውን ለመፍታት ያግዛል። ጋዝ ግን ድሮም የተፈታ ነው። ውሃው ውስጥ የሚይዘው ነገር ደካማ ስለሆነ፣ ሲሞቅ እንቅስቃሴው ይጨምርና አምልጦ ይወጣል። በመደበኛ የአየር ግፊት፣ አንድ ሊትር ውሃ በ0 ዲግሪ 3.3 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፣ በ20 ዲግሪ ወደ 1.7 ይወርዳል። ግማሽ ማለት ነው። ግፊትም አለ፦ ክዳኑ እስካለ ድረስ ግፊቱ ጋዙን ውሃው ውስጥ አፍኖ ይይዘዋል፣ ክዳኑ ሲነሳ ያ «ፍሽሽ» የሚለው ድምፅ ግፊቱ ሲለቅ ነው። ለስኳርና ለጨው ግፊት ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም።

በደብተሯ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርን። በአንዱ «ፍጥነት»፣ በአንዱ «መጠን» ጻፈች። ማማሰልና መፍጨት ወደ መጀመሪያው ሄዱ፣ ሙቀትን ሁለቱም ጋ አስገባችው፣ ግፊትን መጠን ስር ጽፋ አጠገቡ «ለጋዝ» አለች። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዱን አምቦ ከፍሪጅ አወጣች፣ አንዱን ፀሐይ ሲመታው ከዋለበት መስኮት አነሳች፣ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ከፈተቻቸው። የፍሪጁ በልኩ ፈላ። የመስኮቱ ገንፍሎ የጠረጴዛውን ልብስ አራሰው፣ እሷም እየጮኸች ደብተሯን አነሳች።