እምዬ ደጅ የምትደርስ መኪና

በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። እምዬ ታማ ላመጣት ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ በቢቸና በኩል ወደ ገጠር ገባሁ። ቤቷ ሊቀረኝ አራት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ዋልካው ላይ፣ ጥቁሩ የሚያጣብቅ ጭቃ ውስጥ፣ መኪናዬ ተያዘች። ፎር ዊል አስገባሁ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በራ። ነዳጅ ስሰጣት ግን የሚዞሩት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። የፊቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሆዷ ተኛች።

ጎረቤቶች እምዬን በቃሬዛ ተሸክመው መጡ። መኪናዬ አጠገብ ሲደርሱ አልቆሙም፤ መቆምም አልነበረባቸውም። ጠጠር መንገዱ ድረስ ወሰዷት። እኔ እግሬን ከጭቃው እየነቀልኩ ከኋላ ተከተልኳቸው። ከዚያ አንድ አይሱዙ አሳፍሮ ማርቆስ አደረሰን። ተመስገን፣ ዳነች። ግን እኔ ልጇ ፎር ዊል መኪና እያለኝ እሷ በሰው ትከሻ የሄደችበት ቀን ከውስጤ አልወጣም።

መኪናዬን ማዘጋጀት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ያያትና «ምን ምን አስገጠምክባት?» ይለኛል። መልሱ ረዘም ስለሚል ልጻፈው ብዬ ነው።

ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፣ ደብል ካብ፣ የ1995 ሞዴል። ሞተሯ ስሪ ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው። ቱርቦ፣ አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባው፣ የላትም። ፊቷም ኋላዋም ባሌስትራ ነው። አሮጌ ናት፣ ግን መለዋወጫዋ አይጠፋም። እሷን የማያውቅ መካኒክም ጎጃም ውስጥ አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ ምንም አላስገጠምኩባትም። ያላትን ነው ያዳንኩላት። እንደኔዋ ያሉ ሃይሉክሶች የፊት ጎማቸው መሐል ላይ በእጅ የሚዞር ነገር አላቸው። በአንድ በኩል «ፍሪ»፣ በሌላው «ሎክ» ይላል። ወርዳችሁ ሁለቱንም ወደ ሎክ ካላዞራችሁ፣ ውስጥ ያለውን ማርሽ ብትጎትቱት የፊት ጎማ አይስብም። እኔ አዙሬ ነበር። የግራው ግን ከውጭ ይዞራል እንጂ ውስጡ ግራሶው ድንጋይ ሆኖ ጥርሱ አይነክስም ነበር። ዲፍሬንሻል ደግሞ፣ ጉልበትን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው፣ ጉልበቱን የሚልከው ወደ ቀለለው ጎን ነው። አንዱ ከለገመ ሁለቱም ለገሙ። መኪናዋ ከኔ በፊት ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖረች እንጃ። መብራቱ ግን ሁልጊዜ ይበራል።

አሮጌ ፒካፕ የምትገዙ ሰዎች ይህን እባካችሁ ፈትሹ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ሎክ አድርጉ፣ ፎር ዊል አስገቡ፣ ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ሞተር አጥፉ። ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሡና በእጃችሁ ለማዞር ሞክሩ። እምቢ ካለ ጤነኛ ነው። እንደ ልቡ ከዞረ ከሁለቱ አንዱ አልያዘም። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የኔን ፈትቶ ማጠብና አዲስ ግራሶ መቀባት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። የዚያን ቀን ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ስለዚያች ግማሽ ቀን አሰብኩ። አንድ ወር ቀደም ብዬ ባደርገው ኖሮ እምዬ ቃሬዛ ላይ አትወጣም ነበር።

ቀጥሎ ጎማ ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ለጎማ አውሉት።

ዋልካን የማያውቅ ሰው ጭቃ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ዋልካ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ውሃውን ይጠጣና ያብጣል። የእነማይ ወረዳን ጤፍ የሚያሳምረው እሱ ነው፣ አልጠላውም። ጎማ ላይ ግን እንደ ሊጥ ይጠመጠማል። ጥርሱ መሐል ይሞላና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ከዚያ ፓራፋንጎ፣ የጎማው መከለያ፣ ውስጥ ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቅተዋል። ሰፊ ጎማ ያስገጠሙ ልጆች አውቃለሁ። መኪናቸው ቆማ ስትታይ ታምራለች። ዋልካ ላይ ግን ቶሎ የሚታነቁት እነሱ ናቸው፣ ምክንያቱም በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ቦታ የለም። እኔ ፋብሪካ የሰጣትን ስፋት አልለቀቅሁም።

ንጹሑን የጭቃ ጎማ፣ ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለውን፣ ሞክሬው ነበር። ጭቃውን አሽቀንጥሮ ይጥላል፣ እውነት ነው። አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ በነካው አስፋልት ላይም አያስተማምንም። እኔ ከምነዳው አብዛኛው አስፋልትና ጠጠር ነው። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆን መካከለኛ ጎማ አስገባሁና ለዋልካው ሰንሰለት ያዝኩ። ጭቃው ከመጀመሩ በፊት ቆሜ አስራለሁ። ከተያዙ በኋላ ሰንሰለት ማሰር መከራ ነው።

ነፋሱንም ልብ በሉ። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ እነዳለሁ። ለስላሳ መሬት ሲጀምር ወደ 20 አወርደዋለሁ። ጎማው ይተኛል፣ መሬቱን በሰፊው ይይዛል፣ ድንጋይ ላይም ይለሰልሳል። ስመለስ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆሜ ከባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፓምፕ እሞላዋለሁ። ሳይሞሉ መሮጥ ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል። ይህን የነገረኝ ማርቆስ ያለ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ነው። «ልጄ፣ ነፋስ ነፃ ነው፣ እሱን መጀመሪያ ተጠቀምበት» አለኝ።

ከፍታ ማብዛት አልፈለግሁም። ከኋላ አንድ ባሌስትራ ጨመርን፣ ከፊትም ትንሽ አነሣናት፣ በድምሩ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። መጀመሪያ ሁለት ነበር የጨመርነው። ባዶዋን ስትሄድ እንደ ፌንጣ ዘለለች፣ አንዱን አስወጣሁት። መኪና ሲነሣ አሞርዛተሩም ረዘም ያለ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የፍሬን ቱቦውን ነው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ቱቦው ይወጠራል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል። የኔን በረዥም አስቀየርኩት። ሊብሬ ላይ የሰፈረውን የሚነካ ነገር ሲሆን ደግሞ አስቀድሜ ሄጄ ጠይቄያለሁ። በቦሎ ሰዓት ከመከራከር ይሻላል።

ስለ ውሃ የተማርኩት ሙጋ ላይ ነው። ከጮቄ የሚነሣው ወንዝ ነው። ረጅም መንገድ ነድቼ፣ ዲፍሬንሻሉ ግሎ እያለ፣ ቀጥታ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ገባሁ። ተሻገርኩ፣ ደስ አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መካኒኩ የዲፍሬንሻሉን ቦሎን ፈታና «ና እየው» አለኝ። ከሥር ባስቀመጠው ጣሳ ውስጥ የሚወርደው ዘይት ማኪያቶ ይመስላል። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ጠርዙ አረፋ ያለው። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው፣ በጎሚኒውም በኩል ውሃ ይስባል። ትንሽ ቢቆይ ኩሽኔታው ዝጎ አልቆ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። መተንፈሻው ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስረን እስከ ስፖንዳው አናት ወሰድነው። ለስኖርክል፣ ሞተሩ ከጣሪያ ከፍታ አየር እንዲስብ ለሚያደርገው ቱቦ፣ ከከፈልኩት ጋር ሲተያይ ምንም ማለት ነው።

ስኖርክሉንም ቢሆን አስገጥሜዋለሁ። ሞተር ውሃ ከሳበ ፒስተኑ ውሃን ማመቅ ስለማይችል ቢዬላው፣ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ይጣመማል፣ ያ ደግሞ የሞተሩ መጨረሻ ነው። ነገር ግን ስኖርክል አለኝ ብዬ ጥልቅ ውሃ አልገባም። በእግሬ ገብቼ በዱላ እለካለሁ። ከጉልበቴ ካለፈ እመለሳለሁ። ከጮቄ በሚወርዱ ወንዞች ላይ ደግሞ እዚህ ፀሐይ ሆኖ ላይ ከዘነበ ደራሽ ይመጣል። ወደ ላይ ያለው ሰማይ ከጠቆረ ወንዙ ዳር ማደር ነው።

ዊንች፣ ገመድ እየጠቀለለ መኪናን ከጭቃ የሚያወጣውን፣ ያላስገጠምኩት በክብደቱ ነው። ከነብረት ፓራውልቱ አንድ ትልቅ ሰው ያህል ይመዝናል፣ ያውም አፍንጫዋ ላይ። የእነማይ ሜዳ ላይ ደግሞ የሚታሰርበት ዛፍ የት አለ? በእጅ የሚሠራ መጎተቻ፣ አካፋ፣ ዶማና ወፍራም ጣውላ እይዛለሁ። ጣውላው ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚደረግ ነው። አንዴ ዛፍ በሌለበት ስኮርታውን አውርጄ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፣ ገመዱን እሱ ላይ አሰርኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ወጣሁ። ጣሪያ ላይ የሚደረደረውን ፓውዛም አልወደድኩትም። ማታ ከብት እየነዳ የሚመጣን ገበሬ ዓይን ያጠፋል።

ስለ ክብደት የማነሣው አባይ በረሃ ስላስተማረኝ ነው። አንድ ዓመት ባለቤቴንና ልጆቹን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ መኪናዋን ከልክ በላይ ጭኛት ነበር። ፖርቶመጋላው ሞልቷል፣ ስፖንዳው ሞልቷል። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። በ2000 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ጋ ስንደርስ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተን። ፔዳሉ ወደ ታች መግባት ጀምሯል። ጥግ ይዤ ቆምኩ። ትንሿ ልጄ ውሃ እናፍስበት አለች። የጋለ ብረት ላይ ውሃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋልና ከለከልኳት። አንድ ሰዓት በዚያ ሙቀት ጠበቅን። ከዚያ ወዲህ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ይዤ ነው የምወርደው፣ ፍሬኑን ለአንዳንዴ ብቻ እነካዋለሁ። ጭነቱንም ከመውጣታችን በፊት ቁጭ ብዬ እደምራለሁ። ውሃ ያለበት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ሦስት ከሆነ አንድ ሰው ጨመርኩ ማለት ነው።

የኋላውን ያሳመረልን አንድ አናጢ ነው። ከኮምፔንሳቶ ሁለት ረዣዥም መሳቢያ ሠራልን። በላዩ ፍራሽ ይዘረጋል፣ በሸራ ይሸፈናል። አንዱ መሳቢያ የኔ ነው፣ መፍቻ፣ ቀበቶ፣ ፊልትሮ፣ ሰንሰለት። ሌላው የባለቤቴ ነው። ስኒዎቹ እንዳይጋጩ ለእያንዳንዳቸው በስፖንጅ ጉድጓድ ቆርጣ ሠርታለች። ጀበናው ጥግ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በሶና ዳቦ ቆሎ አይጠፋም።

በዚህች መኪና ካየነው ሁሉ ልጆቼ የማይረሱት ጮቄን ነው። በረቡዕ ገበያ በኩል ወጣን። ከ4,000 ሜትር በላይ ሲደርስ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሲሶውን ጉልበቱን ያጣል፣ አየሩ ስስ ነው። ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ በትንሿ ማርሽ፣ ቀስ ብላ ወጣች። ማታ ውርጭ ነበር፣ አራታችንም አንድ ፍራሽ ላይ ተቃቅፈን አደርን። ጠዋት ጅባራው መሐል ባለቤቴ ቡና ስታፈላ ልጄ ከጓሳው ሥር የሚወጣ ውሃ አገኘ፣ በእጁ ጨልፎ ጠጣ። ያቺ ውሃ ወርዳ ሙጋንና ሱሃን እንደምትሆን፣ ክረምት ላይም የአያቱን መንገድ እንደምትዘጋ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያት። ያ በ2014 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገዱ እንደ ልብ አልሆነምና ወደዚያ አልተመለስንም። መሄድ የምታስቡ ካላችሁ የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትነሡ።

መጨረሻ ያስገጠምኩት ፔዳና፣ መሳፈሪያ መርገጫ፣ ነው። መኪናዋ ከተነሣች በኋላ እምዬ መሳፈር ከበዳት። እኔ ደግፌ ላንሣት ስል «ተው ልጄ፣ ራሴ እወጣለሁ» ትላለች፣ ጉልበቷ ግን አይታዘዝላትም። በያጁ ጋ ይዣት ሄድኩና ቁመቱን በሷ እግር ለካን። ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ላይ ሲሆን ተስማማት። ድንጋይ እንዳይመታው ወደ ላይ የሚታጠፍ አድርጎ ሠራው። በሩ ጎን ላይም የሚጨበጥ ብረት በየደ፣ ብርድ እንዳይላት ጨርቅ ጠመጠምንበት። ባለፈው ሐምሌ ሰንሰለት አስሬ ደጇ ድረስ ገባሁ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ብረቱን ጨብጣ፣ ራሷ ወጥታ ተቀመጠች።