«ሄሬዲታሪ ምኑ ያስፈራል?»

ዛሬ ፒያሳ ቡና ላይ ስለዚህ አስፈሪ ፊልም የተነሳ ክርክር ነው። በስልክ ካያችሁትማ እውነትም ምንም አያስፈራም!

ወደ መጨረሻው አካባቢ (ያላያችሁ ይህን ዝለሉት) ልጁ አልጋው ላይ ነቅቶ ሲቀመጥ እናቱ ከኋላው፣ ግድግዳው ከጣሪያው የሚገጥምበት ጥግ ላይ ተለጥፋለች። ካሜራው አይጠጋትም፣ ማንም አያመላክታችሁም። ጨለማው ውስጥ ራሳችሁ ፈልጋችሁ እንድታገኟት ነው የተሠራው። ከቴሌግራም የወረደ 300 ሜጋባይት ኮፒ ላይ ግን ያ ጥግ ጥቁር ጭቃ ነው፤ ፋይል ክፉኛ ሲጨመቅ የጨለማው ዝርዝር ቶሎ ይጠፋል። ከሥር የሚያጉረመርመውን ወፍራም ድምፅም የስልክ ስፒከር አያወጣውም።

ስለዚህ የምስል ጥራቱ ቢያንስ 1080 የሆነ ኮፒ፣ ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን፣ መብራት ድርግም። የቴሌቪዥኑን ብርሃን እስከ ጫፍ አትጨምሩት፤ ብዙዎቹ ላይ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ተሰብስቦ ማየትም ይቅር። አንዱ ከሳቀ አለቀ፣ እንዲህ ያለ ቀስ እያለ የሚገነባ ፊልም ከዚያ በኋላ አይነሳም።

ሰይጣን ስለያዛት ልጅ የሚያወራው፣ እ.ኤ.አ. የ1973ቱ ፊልም ዘ ኤግዞርሲስት ሌላ ጉዳይ ነው። ኮፒው ቢጠራም እኛ አገር አንዳንዱን ላያስፈራው ይችላል። ጠበል ቦታ እየዋለ ያደገ ሰው ጩኸቱንም፣ «ልቀቅ!» ማለቱንም ያውቀዋል፤ ለእሱ ብርቅ አይደለም። እንደኔ ከሰይጣኑ ይልቅ የሆስፒታሉ ምርመራ ይከብዳል፦ መርፌው ልጅቷ አንገት ላይ ይገባል፣ ደሙ ፊን ይላል። እሱ በስልክም ቢሆን ይሠራል።